በአንተ ጫፍ የሚገባ ብረት

ኅዳር 9።

ለትራክተሩ ግንድ የሚያነሳ የብረት ጥፍር ልገዛ አዳማ መጥቻለሁ።

የሙና አባት፣ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም፤ ሙት አያነብም። አሁን የምጽፍልህ ከማሽን ሻጩ ግቢ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ወንድምህ ጀማልና ሻጩ አካም አካም ተባብለው በኦሮምኛ ወሬ ይዘዋል። ለጊዜው እኔን አይፈልጉኝም።

የቤቱን ልንገርህ። ሙና አግብታ ሻሸመኔ ገባች። ባሏ ዝምተኛ ነው፤ ብታየው ትወደው ነበር። ነገሌ ያለው የግቢያችን አጥር በመንገዱ በኩል ወድቆ በብሎኬት ተሠራ። ትራክተሩን ጀማል ይነዳል። ያንተን ትራስ ከመቀመጫው አላነሳውም፤ ቁመቱ ስለማይደርስ ሌላ ደረበበት።

ያልተለወጠው የጠዋቱ ጥሪ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ባህር ዛፉን ወደ መኪናው ከማንሳታቸው በፊት ቶላ አሁንም የእያንዳንዱን ስም ይጠራል። "ከማል! አለህ?" "አለሁ!" "ጉዲሳ! አለህ?" "አለሁ!" የሁሉም ድምፅ ሳይሰማ ግንድ ከመሬት አይነሳም። አንተ ያስለመድካቸው ነው። ስትሞት ስምህን አላወጡትም። ከወፍራሙ ጫፍ በቀኝ በኩል፣ አንተ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ ቶላ "ከድር! አለህ?" ይላል። ጉዲሳ "አለ!" ብሎ ይመልስልሃል። ከዚያ ያነሳሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ስሰማው እየወጣሁ በር ላይ እቆም ነበር። አምስት ሰው፣ ስድስት ቦታ። ወደ አንተ ቦታ ማንም አይገባም፤ ከጎንህና ከፊትህ ያሉት ክብደትህን ተካፍለው ይሸከማሉ። ቀስ በቀስ እኔም ለመድኩት። "አለ" የሚለውን ሳልሰማ እጄ ሥራ አይጀምርልኝም ነበር። አንድ ጠዋት ጉዲሳ ታሞ ቀረ። ቶላ ስምህን ጠራ፤ መላሽ ጠፋ። ከኩሽና ሆኜ ልመልስልህ አፌን ከፍቼ ነበር።

ከማል ወደ አገሩ ሲመለስ በእሱ ምትክ ደሳለኝ የሚባል ጎልማሳ ከአቦምሳ መጣ። ጠንካራ ሰው ነው፤ አንተን ግን አያውቅህም። ስላንተ የነገረው የለም፤ ሁሉም ሌላው የነገረው መስሎታል። በመጀመሪያው ጠዋት ከአንተ ቦታ አጠገብ አቆሙት። "ከድር! አለህ?" ሲባል "አለ!" የሚል ሰማ። ከጎኔ ሰው አለ ብሎ፣ ዞር ብሎም ሳያይ፣ የራሱን ድርሻ ብቻ አነሳ። ግንዱ ወደ አንተ በኩል ዞረና ወረደ። የደሳለኝ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰበረ። እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቶላ ላቡን እየጠረገ "ዛሬ ከድር ለቀቀን" አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። በማግስቱ ጉዲሳ በጓሮ በር መጥቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "እትዬ ዘሀራ፣ ሰደቃው አንሶት ይሆን?" ብሎ ጠየቀኝ። ሰደቃ አወጣሁ። ምንም አልተለወጠም። ስምህ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ወፍራም ግንድ የመጣ ቀን አንተ ጫፍ አጠገብ ላለመቆም ይገፋፋሉ። ስሙ ይውጣ የሚል ግን የለም፤ የፈሩትን ስም ማን ደፍሮ ያወጣል?

አንተን እንጨት አልገደለህም። ሆድህ ነው፣ አልጋህ ላይ። በመጨረሻው ሳምንት እጅህ የውሃ ኩባያ መያዝ አቅቶት እኔ ነበርኩ የምይዝልህ። ያ እጅ የሰው እግር ሰበረ ሲባል ቁጭ ብዬ ልስማ?

ስለዚህ ግንዱን ከሰው ትከሻ ላወርደው ነው።

ግቢው ውስጥ ሦስት ጥፍሮች አሉ። ሦስቱም ከትራክተሩ ፊት ያለው አካፋ ተፈትቶ በእሱ ቦታ የሚገቡ ናቸው። ሻጩ መጀመሪያ ወደ ትልቁ ወሰደን። "እናት፣ ይሄ ዝሆን ያነሳል!" አለ። እናቱ አይደለሁም፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሱ ሸብቷል። ጀማል "ዝሆን የለንም፣ ባህር ዛፍ ነው ያለን" አለው። ትልቁ ጥፍር ራሱ እንደ ግንድ ይከብዳል። የእኛ ትራክተር እሱን ከተሸከመ ለእንጨቱ የሚተርፈው ጉልበት የለም፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሳል። ተውነው።

ጀማል የወደደው ሰፊውን ነው። ረጃጅም ቀጫጭን ጣቶች አሉት፤ ቅርንጫፉንና ጭራሮውን ጠራርጎ ያቅፍና አፈሩን በመሃል ያራግፋል። ከላይ የሚከድነው አንድ መንጋጋ ብቻ ነው። "ቅርንጫፉን እሱ ይሰብስብ፤ ለግንዱ እኛ አለን" አለኝ። ለምን እንደወደደው ገብቶኛል። ያ ከተገዛ ጫኞቹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ጥሪውም ይቆያል፣ ወንድሙ በየጠዋቱ "አለ" ይባላል። እኔም እዚያ ጥፍር ፊት ብዙ ቆምኩ።

ሦስተኛው ጠባብ ነው። ጥርሶቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው። መንጋጋው ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይዘጋል። ባህር ዛፍ አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው። መንጋጋው አንድ ሲሆን ወፍራሙን ይዞ ይቆማል፤ በቀጭኑ በኩል ክፍቱን ይቀራል። ሁለት ሲሆን ግን አንዱ ወፍራሙ ላይ ሲቆም ሌላው ቀጭኑን እስኪያገኝ ድረስ ይወርዳል። ቅርንጫፍ ሲሰበስብ መመላለስ ይበዛበታል። ይብዛበት።

ሻጩን ሰፊውንና ጠባቡን ተራ በተራ በግቢው ትራክተር ላይ አስገጥሞ ግንድ እንዲያስይዝልኝ ጠየቅኩት። ግንዱ ከፍ እንዳለ "አሁን ሞተሩን አጥፋልኝ" አልኩ። ኃይሉ ሲቋረጥ ይለቅ እንደሆነ ማየት ፈለግኩ። የሰፊው መንጋጋ ቀስ እያለ ላላ፤ ግንዱ አዘንብሎ በቀጭኑ ጫፍ መሬት ነካ። የጠባቡ አልተነቃነቀም። ሻይ አመጡልኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ግንዱ እዚያው ነው። ሻጩ "እትዬ፣ እስኪመሽ ሊጠብቁት ነው?" ብሎ ሳቀ።

አልሳቅኩም። ግንድ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ቆሟል፤ አንድም ስም አልተጠራም። ጀማል ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እኔ "ይሄን" አልኩ።

ቶላና ጉዲሳ ቆረጣው ላይ ይቆያሉ። ደሳለኝ እግሩ ሲድን ከጀማል መንዳት ይለምዳል። የቀሩት ጫኞች መናኸሪያ ሄደን ጭነት እንፈልጋለን ብለዋል። ተቀይመውኛል፤ እውነታቸውን ነው።

በሕይወት ሳለህ በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። እናትህ ፊት ነውር ነበር፤ እሷ ካለፈች በኋላ ደግሞ አንደበቴ እምቢ አለ። ከእንግዲህ በዚያ ግቢ ስምህን የሚጠራ ጫኝ አይኖርም። እኔ እጠራዋለሁ። ከድር እላለሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ማንም "አለ" እንዲልልኝ አልፈልግም። እንደሌለህ እያወቅኩ እጠራሃለሁ፤ ማስታወስ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

አሁን ጥፍሩን ጭነት መኪናው ላይ ሊያወጡት ነው። የግቢው ትራክተር ለሌላ ደንበኛ ወጥቷል። ሻጩ ከመንገድ ሰዎች ጠርቶ አስገብቷል፤ ጃኬታቸውን እያወለቁ ነው። ክሬን ይምጣ ስለው "ለዚች? ምን ክሬን አስፈለጋት!" አለኝ። አንዱ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከብረቱ ሥር አስገብቷል። "እጅህን አውጣ!" ብዬ ከተቀመጥኩበት ጮኽኩ፤ ሁሉም ዞረው እያዩኝ ነው። ጀማልም አፍሮብኛል።

ክሬን የሚገኘው ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው አሉ። እስክመለስ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ወጣሁ።