መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ስም ዝርዝር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ዝናብ። ከችግኝ ጣቢያ ስመለስ ጫማዬ ጭቃ ብቻ። የድጎማው ስም ዝርዝር ከወረዳ ደርሷል። ያረጀ ቡናቸውን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከግንዱ ቆርጠው ለጎነደሉ ገበሬዎች፣ ቡናው ዳግም እስኪያፈራ መንግሥት የሚከፍለው መቋቋሚያ ነው። መመሪያው ቀበሌ ጽ/ቤት በር ላይ ይለጠፍ ይላል። የቀበሌው ሊ/መንበር አንብቤ ሳልጨርስ ወረቀቱን ተቀበሉኝና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሕዝብ ማነካካት ነው አሉ።

የመጀመሪያውን ገጽ ግን አይቻለሁ። አራተኛው ስም የወንድም ጋሼ ነው። የታላቅ ወንድሜ። ሚዛን ከተማ የቆርቆሮና ምስማር ሱቅ አለው እንጂ አንድ እግር ቡና የለውም።

ደብተሬ፣ ሞክሼው ይሆን? እስከ አያት ስም? አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ወ/ሮ አልማዝ ልማት ጣቢያችን መጡ። አምና ጥር ላይ ቡናዎን ያስጎንድሉ ብዬ ያግባባኋቸው እኔ የልማት ሠራተኛዋ ነኝ። ድጎማ አለ አልኳቸው። መጋዙ ሲገባ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሟች ባላቸው የተከሉት ነው። ዘንድሮ የሰው ቡና በቀን ሥራ ይለቅማሉ።

ስሜ አለ ወይ አሉኝ። አላየሁም አልኩ። እውነት ነው፤ ያየሁት አንድ ገጽ ነው። አመኑኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሚዛን ሄድኩ። ወረዳ ጽ/ቤት ያለችው ጸሐፊ ለልማት ጣቢያ አንድ ቅጂ ይገባሻል ብላ ሰጠችኝ። በቃ፣ እንዲህ ቀላል ነበር። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩ። ወ/ሮ አልማዝ የሉም። ቡና የሌላቸው አምስት ሰዎች አሉ። አንዱ የሊ/መንበሩ አማች። አንዱ የኔው።

ወደ ሱቁ ሄድኩ። አልካደም። ሊ/መንበሩ የመታወቂያ ኮፒ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው አለ። ኮሌጅ ከፍሎ ያስተማረኝ እሱ ነው።

«በጸጥታ አሰርዘዋለሁ» አለኝ። «አንቺ ብቻ እንዳትለጥፊው። አባባ በሕይወት እያለ ይህን አይስማ።»

ለአባባ ስኳር ላከ። ተቀብዬ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ስኳሩን ሰጠሁ። ወንድምሽ ደህና ነው? አለኝ አባባ። ደህና ነው አልኩ። ልብሴን ሳጥብ ሁለቴ አለቀለቅሁት፤ ሐሳቤ የለም።

እሱ ቢሰረዝ አራቱ ይቀራሉ። ወ/ሮ አልማዝም አይገቡም። የሱን ስም አጥፍቼ ልለጥፍ? አሰብኩት፣ ደብተሬ፤ አልዋሽሽም። ብዕሩን አንስቼ ነበር። ግን ያኔ እኔም መሳቢያ ቆላፊ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል

ለጠፍኩት። አንዱን ምስማር አጣመምኩት። ገበያ ነው፣ ሰው ወዲያው ሞላ። ወ/ሮ አልማዝ የለቀማ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ከፊት ቆሙ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ቆምኩ።

«ይሄ ወንድሜ ነው» አልኩ። «ቡና የለውም።»

የሳቀ የለም። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ቀጥዪ ልጄ፣ ቀጥዪ አሉኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

በዚያው ዕለት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሊ/መንበሩ መጥተው ሊያነሱት ፈለጉ። ሰዎች በሩን ከበው አላስነኩም። ሰውየው ወደ ቢሯቸው ገቡ። አስራ አንድ ሰው ቅሬታ አስመዘገበ። የወ/ሮ አልማዝን እኔ ጻፍኩላቸው፣ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሲገባኝ እሳቸው መረቁኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ወረዳ ረቡዕ ትፈለጊያለሽ ተብያለሁ። ከሥራ ያግዱኝ ይሆናል። እሄዳለሁ፤ ቅሬታዎቹን ይዤ።

ስልኬ ይጠራል። ወንድም ጋሼ ነው። ሦስተኛ ጊዜው። ሁለቱን አላነሳሁም።

አሁን አነሳለሁ።