«እጆቼን ባረኩልኝ»

ውድ ሐዳሳ፣

ለቤተሰቡ አባላትና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ። ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚሁ አርሊንግተን ውስጥ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጆኒ አያትሽን ይርጉን ከደንበኝነት በክብር አሰናብቷል። ለውሳኔው የሰጠው ምክንያት፣ «አባባ፣ ማለቴ፣ እዚህ ራስ ላይ እኮ የምሠራው ነገር አላገኘሁም» የሚል ነው። የተሰናባቹ ፀጉር ብዛት በይፋ ባይገለጽም፣ ቅርበት ያላቸው ወገኖች እንደሚሉት ጣት ላይ ተቆጥሮ ያልቃል። ዜናው እዚህ ላይ ያበቃል።

ባትስቂም አልፈርድብሽም። ከሳልቫዶር ለእናትሽ ስትደውዪ፣ ስልኩን ለእኔ እንዳትሰጥ እንደምትለምኛት አውቃለሁ። ይኸው አምስት ወር ሆነ። እናትሽ ናኦሚ «ኔትወርኩ ተቆረጠ» ትለኛለች፤ ፊቷ ግን ያጋልጣታል። በዚህ ቤት ውስጥ አሳምሮ መዋሸት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ይህንን ደብዳቤ እየጻፈልሽ ነው።

የነርሲንግ ትምህርትሽን አቋርጠሽ ሜስኪት ከተማ ዶና ዜሊያ የፀጉር ሳሎን ሹሩባ ልትማሪ የገባሽ ጊዜ እናትሽ አለቀሰች። እኔ ቀለድኩ። «የሰው የልጅ ልጅ ወደ ላይ ትወጣለች፤ የእኔዋ ራስ ላይ ወጣች» አልኩ። አንቺ ከልብሽ ስለሳቅሽ የተስማማሁ መሰለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ተስማምቼም ነበር። ጥፋቴን ጥፋት የሚያደርገውም ይኸው ነው። አለማወቄን ምክንያት እንዳላደርግ፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ቤት እንዳልውል ይዘሽኝ ትሄጂ ነበር። ጥግ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ወንበር የእኔ ሆነች። ዶና ዜሊያ በማበጠሪያዋ ጭራ ፀጉሩን ከግንባር እስከ ማጅራት ስትከፍለው በማስመሪያ ያሰመረችው ይመስል ነበር። አንቺ ሁለት ሰዓት የደከምሽበትን «ይቺ መስመር ጠማለች» ብላ ስታስፈታሽ እኔ ነበርኩ የምናደድልሽ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ትፈቺ ነበር። ግንባር ላይ ያለውን ለስላሳ ፀጉር ጠበቅ ካደረግሽው ደግሞ እጅሽን ቸብ ታደርገዋለች። ሥራውን ከእናቷ የተማረችው በሰባት ዓመቷ ነው። እናቷም ከእናቷ። ቅድመ አያቶቿን ከአፍሪካ አስረው በመርከብ ሲያመጧቸው ስማቸውን ቀይረውባቸዋል፣ ልብሳቸውን ገፈዋቸዋል፤ ጣታቸው የሚያውቀውን ግን ማንም ሊወስድባቸው አልቻለም ትለን ነበር። በዚያው ጣት ሦስት ልጆች አሳድጋለች።

ያቺን ከፎርት ዎርዝ የመጣችውን ነርስ ታስታውሻታለሽ? ከሥራ ወጥታ የደንብ ልብሷን እንኳን ሳትቀይር መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ገና ሦስተኛውን መስመር ሳትጨርሺ እንቅልፍ ወሰዳት። አራት ሰዓት ሙሉ አንገቷ እጅሽ ላይ ነበር። ስትነቃ መስታወቱን አየች፣ እያንዳንዷን መስመር በጣቷ ዳሰሰች፣ እጅሽን ይዛ ቆየች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ነበር። ጋዜጣው የተዘቀዘቀ መሆኑን የነገረችኝ ዶና ዜሊያ ናት።

ይህንን ሁሉ ያየሁ ሰው ነኝ። ታዲያ ቸርች ስሄድ ምን ሆንኩ?

ኃይለ መስቀልን ታውቂዋለሽ። ሁለቱ የልጅ ልጆቹ ፋርማሲስት ናቸው፤ ይህንንም ከጸሎት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከጸሎት በኋላ አንድ ጊዜ ያስታውሰናል። አንድ እሑድ «ሐዳሳስ?» አለኝ። «ነርሲንግ ልትጨርስ ነው» አልኩት። ውሸቷ አፌ ላይ እንዴት ቀለለች መሰለሽ። ግንቦት ሲመጣ የተመራቂዎችን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ሆነ። ሙሉ ስምሽን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጻፈ።

አንቺ ደግሞ የዚያን ሰሞን የመጀመሪያውን ሙሉ ሥራ ያለ ዶና ዜሊያ እርዳታ ጨረስሽ። የእሷን ደንብ ነግረሽኛል። ተማሪዋ ብቻዋን ስትጨርስ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ የልጅቷ ወገኖች ደግሞ በአደባባይ ሥራዋን ሊያውቁላት ይገባል። አንቺም ከፎቶው በፊት ወገኖቼን ትወቅልኝ ብለሽ ቸርች ጋበዝሻት። የመረጥሽው እሑድ ተመራቂዎች የሚባረኩበት ያ እሑድ ነበር።

ከአርሊንግተን እስከ ቸርች ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ ልነግርሽ እችል ነበር። ከኋላ ወንበር ሆኜ ለዶና ዜሊያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረት አወራኋት፤ አሳቅኳት። ፓርክ ስታደርጊም አፌን ከፍቼ ነበር። «ጥላው ስር አቁሚው» አልኩሽ።

ፓስተር ሲላስ ስም መጥራት ጀመረ። «ሐዳሳ፣ በነርሲንግ።» ዞረሽ አየሽኝ። እኔ የመዝሙር ደብተሩን እገልጥ ነበር። እዚያው ተቀምጠሽ «ስህተት ነው» ብትዪ ኖሮ የማፍረው እኔ ነበርኩ። ያንን ስላወቅሽ ተነስተሽ ወደ መድረኩ ወጣሽ። ምዕመኑ ሁሉ እንደ ደንባችን እጁን ወደ ተመራቂዎቹ ዘረጋ። አጠገቤ ያለችው ዶና ዜሊያ ከአማርኛችን አንድም ቃል አታውቅም፤ ያየችው የተዘረጋውን እጅ ነው። ብድግ ብላ እሷም ሁለት እጇን ዘረጋች። እንባዋ አገጯ ላይ ይወርድ ነበር። ተመልሰሽ ስትቀመጪ ጆሮሽ ላይ ጎንበስ ብላ ምን እንዳሉሽ ጠየቀችሽ።

«እጆቼን ባረኩልኝ» አልሻት።

ዓይንሽን ከእኔ ላይ አላነሳሽም።

ቤት በር ላይ የነገርሽኝን በየቀኑ እሰማዋለሁ። «አባባ፣ በእኔ ብታፍር ኦኬ ነው። እሷ ግን ደስ ብሏት አለቀሰች እኮ። ሶ፣ አሁን እኔ ለእሷም መዋሸት አለብኝ።» በሁለተኛው ሳምንት ከዶና ዜሊያ እህት ዘንድ ልትሠሪ ወደ ሀገሯ ወደ ሳልቫዶር ሄድሽ። ሻንጣሽን እንኳን እንዳነሳ አልፈቀድሽልኝም። እርግጥ ከባድ ነበር፤ ቢሆንም መያዣውን ነካ ባደርግ ምን ነበረበት።

ባለፈው ወር ናኦሚን ለምኜ ሜስኪት አደረሰችኝ። ፎቶሽ ተሰቅሏል፤ ከታች በኩል አሥራ ሁለተኛው ነው። ዶና ዜሊያ አቅፋ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝና፣ እዚህ ሀገር ስትኖር ስንቱ ቤተሰብ ልጁን ከዚህ ሥራ ሊያወጣ እንደመጣባት ነገረችኝ። «እንደ እናንተ በሕዝብ ፊት ያከበረን የለም» አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ። ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ቀልድ አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አጣሁ።

ስለዚህ ባለፈው እሑድ፣ የምስክርነት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩና፣ «ሐዳሳ ነርስ አይደለችም። ስሟን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሹሩባ ነው የምትሠራው፤ እንዴት እንደምትሠራ ብታዩ እናንተም በእሷ ትኮሩ ነበር። እኔ አይቼ ነው የዋሸሁት» አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ከዚህ ይረዝም ነበር፤ ማይኩን መለስኩ። ከኋላ አንድ ሰው ከልማድ የተነሳ «አሜን» አለ። ኃይለ መስቀል መነጽሩን ይጠርግ ጀመር፤ እስከ ቡራኬው ድረስ ጠረገው።

ስንወጣ የሳሎኑን ማስታወቂያ የተመራቂዎቹ ዝርዝር የነበረበት ቦርድ ላይ ለጠፍኩት። እናትሽ ናት ያተመችልኝ፤ ከታች ስልኩ አሥር ቦታ ተጽፎ እየተቀደደ የሚወሰደው ዓይነት። ወዲያው እህት ዓለምጌጥ መጥታ አንዷን ቁራጭ ቀድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በዓይኔ አየሁ።

ለዶና ዜሊያ ግን ገና አልነገርኳትም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዣለሁ። ስልክ ላይ ሳቀች፤ በእኔ ራስ ላይ ምን ልትሠራ እንደምትችል ጠየቀችኝ። ካገኘች አንድ መስመር፣ ካላገኘች ወሬ አልኳት። እውነቱን ከእኔ አፍ ትሰማለች፤ ካሁን በኋላ አንቺ ለእሷ የምትዋሺው ነገር አይኖርም። ከዚያ ወንበር ካባረረችኝ ቆሜ እወጣለሁ።

እንድትመለሺ አልለምንሽም። ሥራሽን ጨርሺ። ስትደውዪ ብቻ አንድ ቀን ኔትወርኩ አይቆረጥ።

ልማድ ነውና፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዷን ፈጥሬአታለሁ። የጆኒው እውነት ነው። የተዘቀዘቀው ጋዜጣም እውነት ነው። ዓለምጌጥ ግን አልቀደደችም። ማስታወቂያውን አነበበች፣ አየችኝ፣ ወደ መኪናዋ ሄደች። ማንም የሚቀድድ ጠፋ። አሥሩም ተንጠልጥለው ሳያቸው አሳዘኑኝ፤ አንዷን ራሴ ቀደድኳት። የሐሙሱን ቀጠሮ የያዝኩት በእሷ ላይ ባለው ቁጥር ደውዬ ነው።

ከቸርች የመጀመሪያው ደንበኛሽ፣
አያትሽ ይርጉ