ሳይዘጋ የቀረው መዝሙር

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ሰሞኑን በስልክ ስናወራ ድምፄ ሲቆራረጥብሽ "ኔትወርኩ ነው" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ልነግርሽ እጀምርና ጉሮሮዬን ይይዘኛል። በስልክ የማይነገር ነገር አለ፤ አንቺም ጉንፋን መስሎሽ "ሎሚ ጠጪበት" ብለሽ ዘጋሽው። ዛሬ መጋረጃ የምንሰፋበት ቤት ያሉት ሁሉ ለምሳ ሲወጡ እኔ ቀርቼ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ገፋ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ እንዳይነሳብኝ መቀሱን ጭኜበታለሁ።

መዝሙርሽ ተዘመረ።

የትኛው እንዳትዪኝ። እማዬ ልብስ ስታጣጥፍ ታንጎራጉረው የነበረው፣ አንቺ ደግሞ እሷ ከሞተች በኋላ በአራት ድምፅ የጻፍሽው ነው። ከአባባ ጋር ያቃቃረሽ።

ያን ቀን እኔም ሳሎን ነበርኩ። ያንን አንድ ቁልፉ የማይሠራ አሮጌ ኪቦርድ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ስትጫወቺለት አባባ ከሥራ ቤቱ እንደወጣ፣ ክንዱ ላይ ሰጋቱራ እንዳለበት ቆሞ ያዳምጥሽ ነበር። የመጨረሻው ድምፅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አባባ ጠበቀ።

"ቀጥዪ እንጂ" አለሽ።

"አለቀ አባባ።"

"ምኑ አለቀ? ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ ሠርተሽ ብሉበት ትያለሽ? መዝሙር 'አሜን' ብሎ ቤቱ ይገባል። እናትሽ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትተው ሴት አልነበረችም።"

አንቺም አልቻልሽም። "ሳትጨርስ እኮ ነው የሄደችው!" አልሽና እንባሽ ቀደመሽ። እሱ ወደ ሥራ ቤቱ ተመለሰ፤ አንቺ በወሩ እዚያ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ የሁለታችሁ ነገር "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ሆኖ ቀረ። ስልኩን ተቀብሎሽ ከመቼው እንደሚመልስልኝ ብታዪ፣ ትኩስ ድንች የያዘ ነው የሚመስለው።

አባባ እማዬን ከቀበርን ጀምሮ አልዘመረም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ያ ወፍራሙን የወንድ ድምፅ፣ ቤዙን፣ ሲያወርደው አግዳሚ ወንበሩ ይርድ የነበረ ሰው መዘምራኑን ትቶ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከንፈሩን ገጥሞ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ሰው ሁሉ ሲዘምር እሱ የጣራውን ማገር ያያል። እኔ ሁልጊዜ፣ አናጢ ነውና የተጣመመ እንጨት እየፈለገ ይሆናል እላለሁ።

እና ከጥቂት ወራት በፊት የመዘምራን መሪያችን፣ አንቺን ፊዚክስ ያስተማሩሽ መምህር፣ ልምምድ ላይ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አሁንም በቅጽል ስማቸው "ቀስ በሉ" ነው የምንላቸው፤ ሌላ ነገር ከአፋቸው ስለማይወጣ። ወረቀቱን ሳየው እጅ ጽሑፍሽን አወቅኩት። "ይህን የጻፈችው ተማሪዬ ናት። 'አንድ ቀን የሚችል ሰው ሲያገኙ ያዘምሩት' ብላ ሰጥታኛለች" አሉ። ከዚያ ዙሪያችንን አዩና "የሚችል ሰው እንኳ አላገኘሁም። ግን እኔም እያረጀሁ ነው" አሉን።

ሦስት ነገር ወሰኑ። ኦርጋን አይኖርም። ፊት ለፊት ተደርድረን አንቆምም፤ በአዳራሹ አራት ግድግዳ ዙሪያ እንቆምና ሰሚው መሀላችን ይሆናል። የመጨረሻውም ድምፅ እንደጻፍሽው ይቀራል፤ "አሜን" አይጨመርበትም።

ኦርጋን የሚመቱት አዋላጅ ነርሷ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። "ያለ ኦርጋን? እናንተ? ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳትደርሱ ድምፃችሁ ምድር ቤት ነው የሚገባው!" እውነታቸውን ስለሆነ ሁላችንም ሳቅን። ያለ ደጋፊ ስንዘምር መንሸራተት ልማዳችን ነው።

መምህሩ ግን አልሳቁም። "የኦርጋን ድምፆች ለሁሉም መዝሙር እንዲበቁ ትንሽ ትንሽ ተሸራርፈው የተቃኙ ናቸው። የሰው ጉሮሮ ግን ትክክለኛዋን ቦታ ፈልጎ ሊያገኛት ይችላል። ይቺ ልጅ የጻፈችው ትክክለኛዋን ቦታ ይፈልጋል" አሉ።

እትዬ፣ በፍቅርሽ ልንገርሽ፣ ስንለማመድ ስንት ጊዜ ረገምኩሽ! እኔን አልቶዋን፣ የታችኛዋን የሴት ድምፅ፣ አንድ ድምፅ ላይ ታቆሚኝና ቀጭኑን የወንድ ድምፅ፣ ቴነሩን፣ አምጥተሽ ክንዴ ሥር ታስቀምጪዋለሽ። ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ማለት ነው። ቴነሩ ደግሞ ያ የአውቶብስ መካኒክ ነው፤ "አንቺ ገፋሽኝ" ይላል፣ እኔ "አንተ ነህ የገፋኸኝ" እላለሁ። አንዳችን ወደ ሌላው ሸርተት ስንል መምህሩ ያቆሙናል። "አትሽሹ። ተጠጉ፣ ግን አትቀላቀሉ። ይህ ፍትጊያ ስህተት አይደለም፤ የተጻፈው እሱ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያ የመጨረሻው ድምፅ ገጠመ። ሌላ ቃል የለኝም፤ አባባ ሁለት እንጨት ሲያጋጥም መጋጠሚያው እንደሚጠፋው ገጠመ። ማንም ጮክ አላለም። ጥግ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው የነበሩት አዋላጇ ቀስ ብለው ተነሱ።

"ማናት ያቺ ከላይ የምትዘምረው?" አሉ።

ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎች ተያዩ። ማንም ከተጻፈለት በላይ አልወጣም። "እስቲ ድገሙት" አሉ መምህሩ፤ ደገምነው። ያኔ እኔም ሰማኋት። ከሁላችን በላይ፣ ከሶፕራኖዎቹም በላይ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ከማንም አፍ ያልወጣች ድምፅ ነበረች። ስንቆም ቆመች። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። መካኒኩ ኮፍያውን አወለቀ፤ አዳራሽ ውስጥ ኮፍያህን አውልቅ ተብሎ ስንት ጊዜ ተለምኖ ያላወለቀው ሰው።

መምህሩ አስረዱን። ድምፆች ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ሲቀመጡ ከመካከላቸው ሌላ ድምፅ ይወልዳሉ፤ ተአምር አይደለም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው አሉ። ይህን ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ስንት ዓመት ለተማሪ አስተምሬዋለሁ። በጆሮዬ ስሰማው ግን የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።" ማብራሪያቸው ገብቶኛል፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ሕግ ነው ማለታቸው ከተአምር ይልቅ አስፈራኝ። ለካ ይህ ነገር ሁልጊዜም እዚህ ነበረ፤ እኛ ነን ያልደረስንበት።

እሑድ ጠዋት ዘመርነው። የተሰበሰበው ሰው እኛን ፊት ለፊት ሲያጣን አንገቱን ወዲያ ወዲህ ማዞር ጀመረ። ስንጀምር ግን አንገቶቹ ሁሉ እኩል ጸጥ አሉ። ዜማው ከጀርባ፣ ከጎን፣ ከፊት መጣባቸው። መጨረሻው ላይ ደርሰን ስናቆም መምህሩ እጃቸውን አላወረዱም። ያ ዝምታ! የሰው ትንፋሽ የሚሰማበት ዝምታ። "አሜን" የሚጠብቁ አፎች ተከፍተው ቀሩ።

ውጭ ስንወጣ ጉድ ፈላ። ፋርማሲ ያላቸው ሴትዮ "ደረጃ የወጣሁ መስሎኝ እግሬን አነሳሁ፣ ደረጃው የለም! እንዴት ሰው እንዲህ ይደረጋል?" ብለው መምህሩን ያዟቸው። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱ የጎደለብን መስሏቸው አዘኑልን። ሚስቱን ሊወስድ መጥቶ መኪናው ውስጥ ይጠብቅ የነበረ፣ አዳራሹን ረግጦ የማያውቅ ታክሲ ነጂ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ኖሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ "ያቺ ከላይ ያለችው ልጅ ማናት?" እያለ ሁሉንም ይጠይቃል። ልጇን በቅርቡ የቀበረች ጎረቤታችን እጄን ይዛ፣ "ሰው ሁሉ 'በቃሽ፣ ተጽናኚ' ይለኛል። በቃሽ ያላለኝ ዛሬ የሰማሁት ብቻ ነው" አለችኝ። አቀፍኳት።

አባባን ፈለግኩት፤ ወደ ቤት ሄዷል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች መምህሩን ጠሯቸው። የከሰዓቱ ጉባኤ ላይ መድገማችን አይቀርም ነበር። ሊቀመንበሩ ደግ ሰው ናቸው፤ "ድንቅ ነው፤ አልዋሽም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ሰውን አስጨንቀን ወደ ቤቱ አንሰድም። ከሰዓት መጨረሻው ላይ ኦርጋኑ ይዝጋው" አሉ። መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። "ሕዝቡ የእናንተ ነው፤ ይሁን" አሉ። ልቤ ስብር አለ። አዋላጇ ግን ጫማቸውን ቀይረው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ኦርጋኑ ላይ ተሰየሙ። የፈለጉት ሆነላቸው ብዬ አኮረፍኳቸው።

ከሰዓት አዳራሹ ከጠዋቱ ይልቅ ሞላ፤ ወሬ ይሮጣል። አባባ የተለመደው ቦታው ላይ ነበር። ለምን እንደተመለሰ አልገባኝም፤ ልጠይቀውም ጊዜ አልነበረኝም። እኔ የቆምኩት ከእሱ ትንሽ ራቅ ብዬ፣ በስተኋላ ግድግዳ ነው።

ዘመርን። አልተንሸራተትንም። መጨረሻው ላይ ስንደርስ መካኒኩ ክንዴ ሥር መጣ፤ ተጠጋን፣ አልተቀላቀልንም። አዋላጇ እጃቸውን ኦርጋኑ ላይ ሲያነሱ አየሁ። ትንፋሻችን እያለቀ ነው። አሁን ይዘጉታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመቱም። በኋላ ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አዋልጃለሁ። ምጥ የያዛትን ሴት 'በቃሽ ተነሺ' አይሏትም።"

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ተንጓጓ። መጀመሪያ ወንበር የተጎተተ መስሎኝ ነበር። ወለሉ ሲርድ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። ዓይኔን ስገልጥ አባባ ቆሟል፤ የፊተኛውን አግዳሚ በሁለት እጁ ይዞ፣ አፉ ተከፍቶ። ያ ድምፅ፣ እትዬ! ሸካራ ሆኗል፣ ጫፍ ጫፉ ተቦጫጭሯል፣ ግን እሱው ራሱ ነው። ቤዞቹ ትንፋሽ አጥተው የጣሉትን ድምፅ ከወደቀበት አነሳው። ወደ ቤቱ፣ ወደ መዝጊያው ድምፅ፣ ይወስደዋል ብዬ ጠበቅኩ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረው፤ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቃታል። አልወሰደውም። እዚያው፣ አንቺ የተውሽበት ቦታ ላይ ያዘው።

ማንም ምልክት አልሰጠንም። ሁላችንም አየር ስበን በላዩ ላይ ተመለስን፤ አልቶው፣ ቴነሩ፣ ሶፕራኖው። ከዚያ የተቀመጠው ሰው አፉን ሳይከፍት ማንጎራጎር ጀመረ። ጠዋት ያኮረፉት የፋርማሲዋ ሴትዮም ጭምር። ያቺ ከላይ ያለችውም መጣች፤ በዚህኛው ጊዜ መጣች ማለት አይበቃም፣ ጣራውን ሞላችው። ሰውነቴ የእኔ አልመስል አለኝ። አንድ ነገር ጎንበስ ብሎ ያየን መሰለኝ። ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ፤ መቼ እንዳለቀ የሚያውቅ ሰው የለም። "አሜን" ያለ አልነበረም። ለመውጣት የተነሳም አልነበረም።

ሰው ሲበታተን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ መዘጋት አለበት ስትል አልነበር?"

"ልዘጋው ነው እኮ የተነሳሁት" አለኝ። "ጠዋት ሲያበሳጨኝ ሄጄ፣ ቤት ቁጭ ብዬ አላስቀምጥ አለኝ። ኦርጋኑ ዝም ሲል፣ በቃ እኔው እዘጋዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ።" የአግዳሚውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ከዚያ ግን እናትሽ እዚያ ውስጥ ነበረች። እንዴት በላይዋ ላይ ልዝጋባት?"



ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቤቱ ገብቶ መላጊያውን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ትናንት እራት ላይ "አድራሻዋን ጻፊልኝ" አለኝ። "ልደውልልህ?" ብለው "በስልክ አይሆንም" አለ። "እንግዲያስ ጻፍላት" ብለው፣ "እኔ እርሳስ የማውቀው እንጨት ላሰምርበት ነው። አንቺ ጻፊያት፤ የሆነውን ሁሉ፣ ሰዉ ያለውን ሁሉ። እኔ ወሬ አልችልበትም" አለኝ። ከዚያ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። ያንን የሠርግ ኮቱንም አናፈሰው፤ ጠባብ ሆኖበታል፣ እንዳትስቂበት።

"ታዲያ አንተ ስትደርስ ምን ትላታለህ?" አልኩት።

"ምንም። ወረቀቱን እሰጣትና አንብባ እስክትጨርስ ውጭ እጠብቃለሁ።"

"ዝናብ ቢሆንስ?"

"ይዝነብ።"

እንግዲህ እትዬ፣ ይህን ፖስታ እጅሽ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይንሽን ሳያይ ዞር ያለው ሰው አሁንም እዚያው ደጅሽ ላይ ነው። ጉልበቱን ያመዋል፤ ብዙ ሲቆም አይችልም፣ ተቀመጥ ካልተባለ ደግሞ አይቀመጥም። እኔ ጨርሻለሁ። አንቺም ጨርሰሻል። በይ ተነሺ።

የምትወድሽ ታናሽሽ፣ አልቶዋ