ላልተወለደች ልጅ የመጣ መርዶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ዛሬም አልነገርናቸውም። አስናቀ ራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገና «እማዬ» አለ። እናቱ ቀና ሲሉ «ዘንድሮ ስንዴው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ባሌ የስፖርት አስተማሪ ነው። ፊሽካውን ሲነፋ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቀጥ ይላል። እናቱ ፊት ግን ስንዴ ይሆናል።

የምንደብቀው ይኸን ነው፦ ሆዴ ውስጥ ያለችው ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለባት። ደሜ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ ተመረመረ። እኔ ከባሕር ዳር አልፌ አላውቅም፤ ደሜ ግን ፓስፖርት ሳይጠየቅ ባሕር ተሻገረ። ክሮሞዞም የሚሉት ነገር አንዱ ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኗል። ሰው ሁሉ ሲጎድልበት የእኔዋ ተረፋት። ልቧ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ የሕፃናት ሐኪም ባለበት ሆስፒታል መውለድ አለብኝ።

አማቴ እማ ውድነሽ ከአምባ ጊዮርጊስ ሊያርሱኝ መጥተዋል። የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤና ሁለት ዶሮ ይዘው። ዶሮዎቹ የልብስ ስፌት መኪናዬ ሥር ሰፍረዋል። ሆዴ ወደ መኪናው አላስጠጋ ካለኝ ቆይቷል፤ እነሱ ቢሰፉበት አልቃወምም።

የምፈራው የአማቴን ፊት ነው። አምና ስለ አንድ ጎረቤታቸው ልጅ ሲያወሩ «የእግዜር ቁጣ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። የእኔ ልጅ ተወልዳ፣ እሷን አይቶ የሚያለቅስ ሰው አልጋዬ አጠገብ አልፈልግም። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። ሽንኩርት አብረን እየከተፍን «እማ ውድነሽ፣ ልጅቷ እኮ ትንሽ ለየት ያለች ናት» አልኳቸው።

«እሱማ የታወቀ ነው። የእኔ የልጅ ልጅ አይደለች?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

ከሰዓት ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ ከእኛ ሌላ ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «አንቺ ካልነገርሻቸው ሕፃኗ ራሷ ትነግራቸዋለች» አለችኝ። ጨርቅ ስትሸጥም እንዲሁ ናት። ለማባበል ጊዜ የላትም።

ማታ አስናቀ ፊቱ በርቶ ገባ። «አታስቢ፣ መላ አግኝቻለሁ። ወግ ባለው መንገድ ይነገራታል» አለኝ። ወግ ያለው መንገድ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ደክሞኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ሐኪም ቤት ውዬ መጣሁ። ዶክተሯ የልቧን ድምፅ አሰማችኝ። ቀዳዳ ያለው ልብ አይመስልም፤ ገበያ እንደረፈደበት በቅሎ ይጋልባል። ሰኞ እንድተኛ ተቀጠርኩ።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦ ልቧ። መጥባት ትችል ይሆን? ስታድግ የሚያደርጉላት፣ ቀዶ ጥገና የሚሉት ነገር። የአማቴ ፊት። የአስናቀ መላ። ዶሮዎቹ፤ አንዷ ለዘይነባ ልጅ ሠርግ በሰፋሁት ቀሚስ ላይ እንቁላል ጥላለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

ገና ሳይነጋ ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከፊት የነፍስ አባታችን መምሬ ፈንታ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ የአስናቀ አባት ወንድም አያ ታረቀኝ። ማንም አይናገርም። በእኛ አገር ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ፣ ተከናንቦ፣ ዝም ብሎ ከመጣ ቁርስ ፈልጎ አይደለም። ሰው ሞቷል ማለት ነው።

አማቴ ግቢ ውስጥ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ።

«ማን ነው?» አሉ።

«ውድነሽ፣ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉ መምሬ።

መርዶ የሚጀመረው በዚሁ ቃል ነው። አማቴ ሁመራ ያለ አንድ ወንድም አላቸው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ነጠላቸውን ጣሉ። ጎረቤት ወጣ። ዘይነባ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ ሌላው እግሯ ባዶ ሆኖ መጣች። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ደረታቸውን የሚመቱ ሴቶች ነበሩ። አንድ ሰው የእድሩን ድንኳን ለማምጣት ሮጠ። አያ ታረቀኝ ራሱ ከነጋሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ሰዉ ሲያለቅስ አይቶ ከእሱ የተደበቀ ሌላ ሞት ያለ መስሎት ከሁሉም በላይ ጮኸ።

የባሌ መላ ይኸ ነበር። ለእናቱ መናገር ሲያቅተው ሽማግሌ ለመነ። ሽማግሌዎቹም ክፉ ወሬ በጠዋት ነው ብለው እንደ ልማዳቸው መጡ። እሱ በሩ ጀርባ በቱታ ቆሟል።

«ማንም አልሞተም» አልኩ። የሰማኝ የለም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የዘጠኝ ወር ነፍሰ ጡር መሬት ላይ ስትቀመጥ ለቅሶም ይቆማል።

«ማንም አልሞተም። ስለ ልጅቷ ሊነግሩዎት ነው የመጡት። በሕይወት አለች፤ አሁን እንኳ እየረገጠችኝ ነው። ግን አብሯት የተፈጠረ ነገር አለ። መልኳ ለየት ይላል፣ ትምህርት ይከብዳታል፣ ልቧ ቀዳዳ አለው። ልትሞትብኝ ትችላለች፣ ልትኖርም ትችላለች። ይኸው ነው።»

አማቴ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ወንድሜ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አለ አያ ታረቀኝ እየተንሰቀሰቀ።

«ልጂቱም አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ምነው እናንተ፣ ሰው ሳይሞት ታስለቅሱኛላችሁ?» አሉና ነጠላቸውን አንሥተው አስናቀን በእሱው ገረፉት።

የድንኳኑ ሰዎች እንጨት ተሸክመው ደረሱ። መጥቶ ባዶ አፉን የሚመለስ ሰው የለምና ለአራስ የመጣው ዱቄት ተገነፋ። የእኔን ገንፎ ለቀስተኞች በሉልኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

አማቴ ጠዋቱን ሙሉ ግቢ ሲጠርጉ አረፈዱ። ከሰዓት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ትጠባለች?»

«ቀስ ብላ።»

«ታወራለችስ?»

«ዘግይታ።»

«አስናቀም የዘገየ ነው። እስከ ዛሬ መች አወራ?» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ያን የጎረቤቴን ልጅ የእግዜር ቁጣ ስል ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እናቱም ሰምታኛለች» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። «ፈርቻለሁ ልጄ። እንዳትሞትብን ፈርቻለሁ።»

እኔም ፈርቻለሁ አልኳቸው። ለማንም እንዲህ ብዬ አላውቅም፣ ለአስናቀም ቢሆን። ተቃቅፈን አለቀስን። ሆዴ መሀል ስለገባ ብዙም አልተቃቀፍንም።

እሁድ፣ ጥቅምት 19

ሰኞን አልጠበቀችም። ትናንት ቀትር ላይ ሆስፒታል ተወለደች። ትንሽ ናት፣ አልቅሳለች፣ አጠገቤ አለች። ኦክስጅን አላስፈለጋትም። የልቧን ነገር ገና አላወቅንም።

አማቴ ሲያቅፏት እኔ የማየው የእሳቸውን ፊት ነበር። ብዙ አዩዋት። ከዚያ በነጠላቸው ከነአፍንጫዋ ሸፈኗት።

ዛሬ ጠያቂ ጎረፈ። ዘይነባ ልትገልጣት ስትል እጇን ያዙት። የአጠገቤ አልጋ ሴትዮ አንገቷን ብታሰግግ ጀርባቸውን ሰጧት። ሳይ ውዬ ውስጤ ተቃጠለ። ጓዳ የሚገባው ልጅ ትዝ አለኝ። ክፍሉ ጭር ሲል አላስቻለኝም።

«እማ ውድነሽ፣ ምነው ደበቋት?»

የማይገባ ነገር እንደተናገርኩ አዩኝ።

«እንዲህ ሸጋ ሁና ላገር ልግለጣት? ዓይን ይብላት?»

ዶክተሯ ልቧን ልታዳምጥ ስትገባ እንኳ መጀመሪያ «እንትፍ እንትፍ በይባት» አሏት። ዶክተሯ ማዳመጫዋን እንደያዘች ወደ እኔ አየች፣ ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እንትፍ እንትፍ አለችባት። አሁን እያዳመጠች ነው።