በሆድ የመተኛት ቀኖና

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1933፣ ጠዋት

ፋሻ አጥቤ አሰጣሁ። የጣልያን የመድፍ ጥይት አጠገቡ ወደቀ። አቧራ ለበሰ። እንደገና አጠብሁ። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ መድፈኞቹ ግን በዓል አያውቁም።

ደብተሬ፣ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። የመድኃኒት ሣጥኑን ጉንዳን ወሮታል፣ ሌላ መቀመጫ የለም።

መተማ ፊት ለፊታችን ናት። እነሱ በዚያ ምሽግ፣ እኛ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በዚህ፣ በሱዳን በኩል ባለው ምሽግ። ገዳሪፍ ከተማ ቁስል ማጠብ ስለተማርሁ ሰው ሁሉ “ሐኪም” ይለኛል። ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽሽ። እውነተኛው ሐኪም ግን አልፎ አልፎ የሚመጡት ህንዳዊ ናቸው።

ቁስለኛ በመጣ ቁጥር ምሽጉ ሁሉ ለጥየቃ ይግተለተላል። ከ“እግዜር ይማርህ” ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለ፦ የት ላይ ነው? ደረት ከሆነ ይፎከርለታል። ክንድ ከሆነ አይዞህ ይባላል። ከኋላ ከሆነ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይወጣል። ከኋላ የተመታ ሲሸሽ ነው ባዮች ናቸው። ኧረ በመድኃኔዓለም! ጉድጓድ ውስጥ ፊቱ የቱ፣ ኋላው የቱ? መድፍ እንደሁ ከሰማይ ነው የሚወርድ።

የምሽጋችን አለቃ ባሻ እንግዳው ታመዋል (ቀለም ለመቆጠብ ከእንግዲህ ባ.እ.)። አርማጭሆዬ፣ ቁጡ፣ ጢማቸው እንኳ የሚቆጣ ነው። ወባ ነው አሉ። ኪኒን ሰጠኋቸው።

ዓርብ፣ ኅ. 13

የባ.እ. ትኩሳት አልወረደም። ሲበሉ ቆመው፣ ሲተኙ በጎን። ደግሞ ይሸታሉ። ወባ ይሸታል እንዴ? ይህን ሽታ አውቀዋለሁ፣ የመገለ ቁስል ነው። ሱሪያቸው ኋላ ላይ ደም ደርቋል።

እስቲ ልይልዎ አልኋቸው። ምንሽራቸውን ሳቡ! “ለጠላት ያላሳየሁትን ጀርባ ላንተ ላሳይ?” አሉኝ።

ተከራከርን። ሁለታችንም ቆመን። አሸነፉኝ፣ ጠመንጃው እሳቸው ዘንድ ነበራ።

ቅዳሜ፣ ኅ. 14፣ ከሰዓት

ሐኪሙ መጡ። ነጭ ጥምጥም፣ እስከ ደረት የወረደ ጢም። የምሽጋችን ወሬኛ ጫኔ ገና ሲያያቸው ተንደርድሮ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። “አባ፣ ይፍቱኝ!” ሐኪሙ ግራ ገብቷቸው ራሱን መታ መታ አደረጉና በዐረብኛ “ጠይብ፣ ጠይብ” አሉት። ደኅና፣ ደኅና ማለት ነው። ጫኔ ተፈታሁ ብሎ እየተፍለቀለቀ ተነሣ። ከዚያማ ቁስለኛው በሙሉ ሰልፍ ያዘ።

ሐኪም ናቸው እንጂ ቄስ አይደሉም ብል ጫኔ ገላመጠኝ። ቄስ ማከም ተከልክሏል ወይ አለኝ።

ስለ ባ.እ. ለሐኪሙ ለብቻቸው ነገርኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ቁስሉ ነገ ተከፍቶ ካልታጠበ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል፣ ይሞታሉ አሉ።

ሳቄ ጠፋ። ክፉ አፋቸውን ብጠላም፣ እኒህ ሰውዬ ከሞቱ ምሽጉ ወላጅ አልባ ነው።

እሑድ፣ ኅ. 15

የነቢያት ጦም ገባ። ባ.እ. ይቃዣሉ። ንስሐ ልግባ፣ የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ ይላሉ። የነፍስ አባታቸው አርማጭሆ፣ ከጣልያን ጀርባ። ቀጥለው ምን አሉ? “እኒያን ባለጥምጥሙን አባ ጥሯቸው።”

ጠራኋቸው። ቄስ ናቸው አላልሁም። አይደሉምም አላልሁም።

ባ.እ. በአማርኛ ይናዘዛሉ፣ እኔ በገዳሪፍ የገበያ ዐረብኛዬ እተረጉማለሁ። ለካ አልሸሹም! ሜዳ ሊወጡ ቁጢጥ ባሉበት ነው መድፉ የደረሰ። ይህን ሲሉ እንባቸው ወረደ። ለአርባ ሰው “ጀርባዬን አላሳይም” ስል ኖሬ፣ ልጆቼ ምን ይባሉ አሉ።

ሐኪሙ ያሳዩኝ አሉ። ባ.እ. አፈጠጡብኝ፦ ንስሐ ላይ ማሳየት አለ ወይ? በዚህ አገር ንስሐ እንዲያ ነው አልሁ። ይቺ ውሸት ናት፣ አውቃለሁ።

ጣት የሚያህል ብረት ወጣ። ምላጩ ባረፈ ቁጥር ባ.እ. ጋቢያቸውን ነክሰው “ይፍቱኝ!” ይላሉ። ሐኪሙ “ጠይብ!” ይላሉ።

ሲያበቃ፦ ቀኖናዬስ? ሐኪሙ አዘዙ፦ ሳምንት ሙሉ በሆድ መተኛት፣ ጠዋትና ማታ መታጠብ፣ ወተት መጠጣት። ወተት በነቢያት ጦም! ባ.እ. ሊነሡ ቃጣቸው። ቀኖና መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል፣ ባሻ? አልኋቸው። ተከዙ። እውነትም ከባድ ነው አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ።

ሐሙስ፣ ኅ. 19

ትኩሳቱ ለቀቀ! እሰይ! ጠያቂ ጎረፈ። የት ላይ ነው፣ ባሻ? አፈር አፈሩን እያዩ “ቀኖና ላይ ነኝ” ይሏቸዋል። ጫኔ ባሻ ሱባኤ ገቡ ብሎ አስወራ። አሁን ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ጫማውን ያወልቃል።

እኔ ዛሬም ቆሜ ነው የምጽፍ። ጉንዳኑ አልሄደም።

እሑድ፣ ኅ. 22

ተጋለጥሁ። ሐኪሙ ጠዋት የውኃው በርሜል ዘንድ ጥምጥማቸውን ፈትተው ራሳቸውን ታጠቡ። ጠጉራቸው እስከ ወገብ! መልሰው ጎነጎኑት። ባ.እ. በሆዳቸው እንደተኙ አዩ። ጠሩኝ። ቄስ እንዲህ ይጎነጉናል ወይ? እውነቱን፣ በእሳቸው ሃይማኖት ጠጉር እንደማይቆረጥ ጭምር፣ ነገርሁና ምንሽሩን ጠበቅሁ።

ምንሽሩን ገፋ አደረጉና ሥጋዬን ያዳኑት እኒህ ናቸው አይደል አሉ። አዎ አልሁ። እንግዲያ የነፍሴን ለነፍስ አባቴ እነግራለሁ፣ የወተቱ ኃጢአት ግን ባንተ ይቆጠር አሉ። ይሁን አልሁ።

ቁጭ በልና እንጨዋወት አሉኝ። ቆሜ ይሻለኛል አልሁ። ተቀመጥ! ኧረ ደኅና ነኝ፣ ባሻ። ተቀመጥ አልሁህ!

አልተቀመጥሁም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፣ ቁስላቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። “አንተም?!”

እሑድ፣ ማታ

ደብተሬ፣ ጉንዳን የሚባል አልነበረም። የሚካኤል ዕለት ጎንበስ ብዬ ፋሻ ሳሰጣ የወደቀው አቧራ ብቻ አይደለም። ቅንጣት ብረት ናት፣ ግን እጄ አይደርስባት፣ ዓይኔ አያያት። ላንቺ እንኳ አፈርሁ። “የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” ማለት እኔ ነኝ።

ባሻ እንግዳው ፈርደዋል፣ እኔም ተቀብያለሁ። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ዘንድ እቀርባለሁ። እሳቸው ከነምንሽራቸው ደጅ ይጠብቁልኛል። ጫኔ መጥቶ የት ላይ ነው ካለ መልሱን አስጠንተውኛል፦ ቀኖና ላይ ነኝ።