ቅዳሴ ገብተዋል፦ የአትሌት የትናየት ሸጋው የሕይወት ታሪክ

አትሌት የትናየት ሸጋው፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና፣ ከአባታቸው ከመምሬ ሸጋው ገዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ኪዳኑ ነሐሴ 16 ቀን 1969 ዓ.ም. በዳባት ከተማ ተወለዱ። እናታችን እንደሚሉት ዘጠኝ ወራቸውን ሳይጨርሱ ነው የመጡት፤ ችኮላን ከማኅፀን ይዘውት ወጡ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው አንሙት ነኝ። ለዛሬው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ቁጭ ማለት ለቤታችን ሰው አልተፈጠረም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደባርቅ አክስታቸው ዘንድ ሆነው ተከታተሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሲመጡ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ስለማይችሉ በሩጫ ይመጡ ነበር። ያኔ የነበረ አንድ የመኪና ረዳት «ለዚች ልጅ ወንበር መያዝ ትርፉ ድካም ነው፤ ከእኛ ቀድማ ትገባለች» ይል እንደ ነበር ዛሬም ይወራል። በ1986 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ሲወጡ ግን ሁሉም አላጨበጨበም። የተወሰኑ ሽማግሌዎች ወደ አባታችን መጥተው «መምሬ፣ የቄስ ልጅ በቁምጣ?» አሉ። አባታችንም «እግሩንም መንገዱንም የፈጠረ አንድ ነው፤ ጾሟንና ጸሎቷን እስካላጓደለች ድረስ የማፍርበት የለኝም» ብለው መለሷቸው።

አላጓደሉም። አዲስ አበባ ወርደው ክለብ ከገቡ በኋላም በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይለማመዱ ነበር። አሠልጣኞቻቸው በእንቁላል ሲለምኗቸው፣ በወተት ሲለምኗቸው በመጨረሻ ተስፋ ቆረጡ። እሳቸውን አይተው ከቅዳሴ መልስ ልምምድ የሚወጡ ወጣቶች በረከቱ፤ ቁምጣው ያስቆጣቸው ሽማግሌዎችም የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው «እንደ ራስሽ አድርጊልን» እያሉ ያመጡላቸው ጀመር።

አሁን የምጽፈውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። በግንቦት ወር 1994 ዓ.ም. እህታችን በአውሮፓ ለመጀመሪያ ትልቅ ማራቶናቸው ሲዘጋጁ፣ አባታችን መምሬ ሸጋው በወሩ በ9ኛው ቀን በድንገት ዐረፉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ልጅቱ እስክትሮጥ መርዶው ይቆይ» ብለው ወሰኑ። በሁለተኛው ቀን እህታችን በቀጠሯቸው መሠረት በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቴሌ ሲደውሉ፣ በለቅሶ ድምፁ ያልሻከረ እኔ ብቻ ስለ ነበርኩ ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። «አባዬን አቅርብልኝ» አሉኝ። «ቅዳሴ ገብተዋል» አልኩ። «እሺ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ግንቦት 18 ቀን ሮጠው አንደኛ ወጡ። ከጎንደር እስከ ዳባት ሕዝቡ በከበሮ አጅቦ አመጣቸው፤ እሳቸውም በመኪና ላይ ቆመው እስክስታ ወረዱ። በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ በራቸውን አንኳኩ። አባቱ በተቀበረ በዐሥራ አምስተኛው ቀን አደባባይ ላይ የጨፈረ ሰው የሚሰማውን እኔ ልጽፈው አልችልም። ሜዳሊያውን ለማርያም ሰጥተው የሊማሊሞን ገደል በሩጫ ወረዱ፣ ወጡ፣ ደግመው ወረዱ። ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም።

በዓመቱ ዳግመኛ ሲያሸንፉ ከሽልማቱ መድረክ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ። የውጭ አገር ጋዜጠኛ «ውብ የአገሯን የደስታ ልብስ ለብሳ» ብሎ ጻፈ። እዚህ ግን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ እናቶች አለቀሱ፤ ለአባቷ ያልደረሰችበትን ለቅሶ በዓለም ፊት ተቀመጠች አሉ።

በ1998 ዓ.ም. ከአቶ ሙሌ ዓለምብርሃን ጋር በተክሊል ተጋብተው ሲሲንና ገብረ ክርስቶስን ወለዱ። በ2001 ዓ.ም. ከውድድር ወጥተው በደባርቅ የሴቶች የሩጫ ቡድን አቋቋሙ። የቡድኑ ሕግ አንድ ነበር፤ ከቤቷ ሞት የመጣባት ልጅ ውድድር ቢኖርባትም የዚያኑ ዕለት ይነገራታል፣ መሮጡንና መቅረቱን እሷ ትመርጣለች። በዚህ ከስንቱ ተጣሉ። ካህናቱንና የእድር ዳኞችን ደጅ እየጠኑ ስምንት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ደብራችን «ሐዘን የሰው ድርሻ ነው፤ ድርሻውን አንቀማውም» ብሎ በዐውደ ምሕረት አስተማረ። ሰው ሲሸፋፍንባቸው «አዎ፣ ቅዳሴ ገብቷል በለኛ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ለቤተ ሰቡ ቀልድ ነበር። እኔን ግን በየጊዜው ይወጋኝ ነበር።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ባለፈ ማግሥት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ወላጆች ይሙቱ ይኑሩ የሚነግራቸው አጥተው ነበር። ቀብረው አያለቅሱ፣ ጠብቀው አይጽናኑ። እህታችን ከዳባት፣ ከደባርቅና ከአዲ አርቃይ ስማቸውን የመዘገቧቸውን እናቶች ይዘው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደባርቅ ጎንደር በእግር ሄዱ። አራት ቀን ፈጀባቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ኋላ እየተመለሱ የደከሙትን ሲደግፉ መንገዱን ሁለት ጊዜ ሳይሄዱት አልቀሩም። እዚያም ጉዳዩ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደጃፍ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ገንዘብ አልፈለግንም፤ ካለ አለ በሉን፣ ከሞተም መርዶ ንገሩን»። ለዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። በጠባብ ክፍል ውስጥ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ጠባቂዎቹን እንቅልፍ ነሧቸው ይባላል። ከወጡ በኋላ ለአርባ አንድ ቤት ቁርጡ ተነገረ። በየቤቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ማለዳ ቆመው መርዶውን የነገሩት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ተያዙ። ሐኪሙ እንደ ልማዳችን ባለቤታቸውን ወደ ጎን ጠርቶ ነገረ። እህታችን ተከትለው ገብተው «ዶክተር፣ ለሙሌ የነገርከውን ለእኔ ንገረኝ፤ የምሞተው እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም» አሉት። ተነገራቸው። ንስሐቸውን ተቀብለው፣ ቆርበው፣ በከዘራ እየተደገፉም ቢሆን ልምምድ አላስታጎሉም።

በገና ሰሞን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «አንሙት፣ በበዓለ ሃምሳ ቅዳሴ በማለዳ እንደሆነ የመምሬ ሸጋው ልጅ ጠፍቷት ነው? በዘጠኝ ሰዓት ደውዬ ቅዳሴ ገብተዋል ስትለኝ ያኔውኑ ገብቶኛል። ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር። መሮጥ ስለፈለግሁ አልጠየቅሁም። ሃያ አራት ዓመት የሸሸሁት አንተን መሰለህ?» አሉኝ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ሐሙስ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም፣ በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ። የዚያኑ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት እሌኒ ያርጋል ከአዲስ አበባ ደወለች። እሌኒ እህታችን ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሠለጠኗት ልጅ ናት፤ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ለብሔራዊ ቡድን የምትመረጥበት ውድድር ነበረባት። እሷ ከመደወሏ በፊት «ሁለት ቀን ብቻ ደብቁልን» ብለው የለመኑኝ ሰዎች ነበሩ። እሷም «ጋሼ፣ እትዬን አቅርብልኝ» አለችኝ። ያ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ መጥቶ ነበር። ዋጥኩትና «እሌኒ፣ እትዬሽ ጠዋት ዐርፈዋል» አልኳት። «ቀብሩ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ውድድሩ ዛሬ ያለ እሷ ተካሂዷል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚህ በመካከላችን ቆማለች። አገር አንድ ሜዳሊያ አጣች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

አትሌት የትናየት ሸጋው እናታቸውን ወይዘሮ ማንጠግቦሽን፣ ባለቤታቸውን አቶ ሙሌን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ቁጥራቸውን የማላውቃቸውን ሯጭ ልጆቻቸውን ትተውልናል። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከሩቆቹ የተራራ መንደሮች ከአምባራስና ከአምቢኮ ሳይቀር ለመጣችሁልን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ነፍሳቸውን በአባታቸው አጠገብ ያቁምልን፤ መቀመጥ አይወዱምና ያቁምልን።

እንግዲህ እህትህ የት ናቸው የሚለኝ ካለ፣ እንዳስተማሩኝ አስቀድሜ ሞተዋል እላለሁ። ቀጥዬ ደግሞ፣ ጠዋትና ዘጠኝ ሰዓት በማይለይበት በዚያኛው ደብር፣ ቅዳሴ ገብተዋል።