በሩን አንኳኩተው እንደገና እንዲገቡ ስለተደረጉት ተቆጣጣሪና ስለ ባለቤቴ

ለውጭ ዜጎች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ዛሬ ሰኞ፣ በቢሮዎ መተላለፊያ ወንበር ላይ የተጻፈ

ጉዳዩ፦ ባለቤቴ ከምርመራ ክፍል እንዲወጣልኝና በምትኩ እኔ እንድጠየቅ ስለማመልከት

...ይውጡና አንኳኩተው ይግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ አይደለም። እሱ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ መነጽሩን እየጠረገ ነበር፤ ማን እንደገባ እንኳ አላየም።

ክቡር ኃላፊ፣ ነገሩን ከመሃል በመጀመሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. እኔና ባለቤቴ ጡረታ ስንወጣ ቤተ ክርስቲያናችን በበጎ ፈቃድ ወደዚህ አገር ላከችን። ሥራችን ሥራ ለሚፈልጉ ሰዎች የሥራ አፈላለግን ማስተማር ነው፤ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የልምድ ማስረጃ አዘገጃጀት፣ ከሁሉ በላይ ቃለ መጠይቅ። በጸሎት እንከፍታለን፣ በጸሎት እንዘጋለን። ሰው አንቀጥርም፣ አናስቀጥርም፣ ከማንም ምንም አንቀበልም። ደላሎች ናቸው መባላችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

2. ቃለ መጠይቁን የምናለማምደው በጨዋታ ነው። ባለቤቴ ቀጣሪ ይሆናል። ተማሪው ከክፍሉ ይወጣል፣ ያንኳኳል፣ “ይግቡ” እስኪባል ይጠብቃል፤ ገብቶም እጀታውን ይዞ፣ ሳያጋጭ፣ ፊቱን ከሰው ሳይመልስ በሩን ይዘጋል። የተሳሳተ ይደግማል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው ገና ከበሩ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ።

3. ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰው ሳያንኳኩ ገቡ። ኮታቸው የተጨማደደ፣ ፊታቸው የደከመ ነበር። “እዚህ ሥራ ይሰጣል ወይ?” አሉ። ሥራ ያጡ መስለውኝ አንጀቴን በሉት። “በዚህ አገባብ ሥራ አይገኝም፣ ወንድሜ” ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አስወጣኋቸው። አንኳኩተው ገቡ፤ በሩ ተላተመ። አስደገምኳቸው። ለምን እሺ እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲቀመጡ ባለቤቴ “እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን” አላቸው። ግንባራቸውን ቋጥረው አዩት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ግንበኛ ተማሪያችን፣ “ጋሼ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ፤ ቀጣሪ የተኮሳተረ አይወድም፣ መኮሳተሩን ራሱ ይችልበታል” አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ “እናመሰግናለን፣ እንጠራዎታለን” ብሎ አሰናበታቸው። የቢሮዎ ተቆጣጣሪ መሆናቸውን እሳቸውም አልነገሩን፣ እኛም አልጠየቅን።

4. ዛሬ ጠዋት ከጥበቃ ጋር ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴን አይተው “ጠርተንዎታል” ብቻ አሉት። ግንበኛው ቆቡን አውልቆ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ተማሪዬ ጆሮዬ ሥር፣ “እትዬ፣ እዚያ ምርመራ ክፍል የገባ የሚወጣው በሌላ በር ነው፤ መኪና ይጠብቀዋል። ያጎቴን ልጅ ያጣነው እንደዚያ ነው” አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ባለቤቴን ተከትዬ እዚህ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ።

5. ባለቤቴ የልብ ሕመምተኛ ነው። መድኃኒቱ ያለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ምርመራ ክፍሉ ሲገባ በሩን ሳይዘጋ ገባ፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያርም የከረመ ሰው። ፈርቶ ይሆናል። ወይም እንዳየው ብሎ ይሆናል። በክፍተቱ ጉልበቱና ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ባርኔጣ ይታዩኛል። ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞረዋል። እስካዞረው ድረስ ደህና ነው እያልኩ እጽፋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ጥፋት ካለ የእኔ ነውና እኔ እንድጠየቅ፣ መድኃኒቱም አሁኑኑ እንዲገባለት፣ እሱም በገባበት በር እንዲወጣልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ። አገር ልቀቁ ከተባልን እንለቃለን። ለየብቻ ግን አይሁን።

ከአክብሮት፣ ከፍርሃትና ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
አመልካች፣ በሩን ያስደገምኩት አስተማሪ

ከፊርማዬ በታች የጨመርኩት፦ ባርኔጣው መዞሩን አቁሟል። ተቆጣጣሪው ተነሥተው ወደ በሩ መጡ። አዩኝ። መድኃኒቱን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። እጀታውን ይዘው፣ ሳያጋጩ፣ ፊታቸውን ከእኔ ሳይመልሱ፣ ልክ እንዳስተማርኳቸው በሩን ዘጉት።